ጥርስ ለማሙሽ

ልጅ ሆኜ የሰውን ፈገግታ የሚሠራው አባቴ ይመስለኝ ነበር። ዝም ብሎ የመጣልኝ ሐሳብ አይደለም፤ በዓይኔ የማየው ነገር ነው። ሰዎች አፋቸውን በመሐረብ ወይም በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ሱቃችን ይገባሉ፤ አባቴ ወንበር ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆመው ፈገግ ይላሉ። ሲገቡ ያልነበረ ነገር ሲወጡ አለ። ታዲያ ከየት መጣ? ከአባቴ ነዋ።

አባቴ ጥርስ ሠሪ ነበር። ነቃይ አይደለም፤ መንቀል የሌሎች ሥራ ነው። የእሱ ተራ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ድዱ ድኖ ሰውየው ማኘክ ሲናፍቀው። የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ስለነበር ቤታችንን ከሥራ ቦታው የሚለየው አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከወዲያ ጀሶና ሰም ይሸታል፤ ከወዲህ ሽንኩርትና ሳሙና። መደርደሪያው ላይ የሰፈሩ ሰው አፍ በሙሉ በጀሶ ተቀርጾ ተደርድሯል። እኔም ሰዎችን የማውቃቸው በመልካቸው ሳይሆን በመንጋጋቸው ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ መጀመሪያ የማየው አፉን ነው፤ ይሄ አመል እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ባሌ «የተዋወቅን ቀን አንዴ እንኳ ዓይኔን አላየሽውም» እያለ ይከሰኛል። እውነቱን ነው። ክራንቻዎቹ ቆንጆ ነበሩ።

በሱቃችን ትልቁ ሥራ ልክ መውሰድ ነበር። አባቴ ሮዝ ሰም ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ያለሰልሰዋል፤ እንደ ፈረስ ኮቴ ያጎብጠዋል፤ ከዚያ የደንበኛውን አፍ አስከፍቶ ድዱ ላይ ይጫነዋል። ይሄኔ ሰው ይፈራል። ገና ሰሙን ሲያይ የሚያቅለሸልሸው አለ፤ የአባቴን እጅ ለቀም አድርጎ የሚይዝ አለ፤ ተራራ የሚያህል ሰውዬ ሆኖ እንባው ዱብ ዱብ የሚል አለ። የዚህ ሁሉ መድኃኒት ወሬ ነበር። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አፉ አያርፍም፤ ለሁሉም የሚለው ደግሞ ያንኑ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። እርስዎን ነበር የምንጠብቀው። እንዲህ ራስዎን ጣል ያድርጉ። አይፍሩ፣ አያምም። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ ጎበዝ! ይኸው አለቀ፣ አለቀ፣ አለቀ…»

ይህን ከነዜማው በቃሌ ይዤው ነበር። ወሬ የሚባል ነገር ድሮም አይከብደኝም። በቤታችን ስሜ ሬዲዮ ነበር። ጠዋት ስነሳ እከፈታለሁ፤ ማታ እንቅልፍ ሲጥለኝ እዘጋለሁ። አባቴ ደስ ሲለው «እስቲ ዜናውን አሰሚን» ይለኛል፤ ሲመረው ደግሞ «የዚችን ባትሪ ማን ያውጣልኝ!» ይላል። ደንበኞች ተራ ሲጠብቁ የማጫውታቸው እኔ ነበርኩ። ስለ ጎረቤት ያወራሁትን ካሰብኩት ግን እስከ ዛሬ ፊቴ ይቀላል።

ሌላው የሱቃችን ሕግ ስለ መመለስ ነበር። አባቴ ሥራውን ሲያስረክብ ደንበኛውን መስታወት ፊት ያቆመዋል። «ፈገግ ካላሉ ሥራዬ አላለቀም ማለት ነው» ይላል። «ይመልሱልኝ።» በዚህ ሕግ እንደ ጋሼ ጡሩምባ የተጠቀመ የለም። ጋሼ ጡሩምባ ከማርሽ ባንድ ጡረታ የወጣ ጡሩምባ ነፊ ነው። ጥርሱን ይወስዳል፣ ይሞክራል፣ ይመልሳል። «ሳወራ ምንም አይል፤ ስነፋ ግን ይዘላል!» ይላል። አንዴማ እኛው ሱቅ ውስጥ ሊያሳየን ብሎ ከፍ ያለውን ድምፅ ሲነፋ የላይኛው ጥርሱ ወጥቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጥርስ አያስከድንም የሚባለው ዓይነት ሰው ነበር። አባቴ ሳይከፋው ይቀበለዋል፣ ይሞርደዋል፣ መልሶ ይሰጠዋል። እኔ የያዝኩት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ፈገግ የማያሰኝ ነገር ወደ መጣበት ይመለሳል።

ከዚያ ማሙሽ መጣ። እማዬ ሆስፒታል ሄዳ ይዛው መጣች። እኔ እንዳየሁት ወደድኩት። ጣቴን ስሰጠው ጨብጦ አይለቅም፤ ሲያዛጋ መላ ሰውነቱ ያዛጋል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ የለም። ግን አባቱ ጥርስ ሠሪ ስለሆነ ብዙም አላሳሰበኝም። የእማዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ልትረዳን መጥታ አብራን ሰነበተች። ጎረቤቶችም እየመጡ እማዬን «እንኳን ዓይንሽን በዓይንሽ ለማየት አበቃሽ» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» እያለች ትመልስ ነበር። በኋላ በኋላ ግን ይህን ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረች። ደክሟት መሰለኝ።

አንድ ቀን አባዬና እማዬ ማሙሽን አቅፈው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ ማንም አላየኝም። አክስቴ ፊታቸውን እንዳየች «አንቺ ሂጂ ሱቁን ጠብቂ» ብላ ሰደደችኝ። እኔም ሄጄ ኮምፔንሳቶው ላይ ተለጥፌ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«ዓይኑማ ቁርጥ ነው» አለ አባዬ። ድምፁ የሱቅ ድምፁ አልነበረም። «እሱን ነግሮናል። አሁን የሚጠበቀው ሌላው ነው።»

«ሌላው ምንድን ነው?» አለች አክስቴ።

«ፈገግታው። በዚህ ዕድሜ ሕፃን ሰው ሲቀርበው ፈገግ ማለት ነበረበት ነው የሚለው ሐኪሙ። ፈገግ ካለ ችግሩ ዓይኑ ላይ ብቻ ነው። ሰው ያውቃል፣ ይማራል፣ እንደማንም ያድጋል።»

«ካላለስ?»

የሰማሁት እማዬ ስታለቅስ ነው፤ እሱም የታፈነ ልቅሶ ነበር፣ ፊቷን የሆነ ነገር ውስጥ ቀብራ።

ማሙሽ ማየት እንደማይችል ያኔ አልገባኝም። ስለ ዓይን ያሉትን ሰምቼዋለሁ፤ ግን ዓይን የአባቴ ሥራ ስላልሆነ አለፍኩት። ሐኪሙ የፈራው ለጭንቅላቱም እንደሆነ፣ እማዬ የምታለቅሰው ልጄ አያውቀኝም ይሆን ብላ እንደሆነ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ሌላ ነበር። አክስቴ «ካላለስ?» ስትል መልሱን ከእነሱ ይልቅ እኔ አውቀው ነበር። ፈገግ ካላለ ይመለሳል። ወንድሜን ወደ ሆስፒታሉ ሊመልሱብኝ ነው። እዚያው የጀሶው ከረጢት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ጭር አለ። አክስቴ ከአፏ የሚወጣው «እሽሽ» ብቻ ሆነ። ወንበር ስስብ እሽሽ፤ ሳነጥስ እሽሽ። «እናትሽን አታስጨንቂያት፣ ሕፃኑን አትረብሺው፣ ወጥተሽ ተጫወቺ!» እኔም እንደ አቅሜ ተዘጋሁ። አባዬ ከሱቅ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ከሁሉም በላይ ግን የሚገርመኝ እማዬ ነበረች። ድሮ እሷም የዋዛ አልነበረችም፤ ሬዲዮነቴን ከየት ያመጣሁት መሰላችሁ? አሁን ግን አንድ ቃል አይወጣትም። ማሙሽ አልጋ ላይ አጎንብሳ፣ ፊቷን አፍንጫው ድረስ አስጠግታ ፈገግ ትልለታለች። ያለ ድምፅ። ስታጠባው ፈገግ፣ ጨርቁን ስትቀይርለት ፈገግ፣ ሲነቃ ፈገግ፣ እስከ መንጋጋዋ ድረስ ጥርሷ እየታየ። ማሙሽ ግን ወደ ጣሪያው ዞሮ ይተኛል እንጂ ነገሬም አይላት።

በሩ ሥር ቆሜ አያታለሁ። በጣም ተናደድኩባት። ጥርስ ለሌለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ጥርስ ማሳየት ምን ማለት ነው? የተራበ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ መብላት ነው። እሱስ በምኑ ፈገግ ይበል?

የእኔ የፊት ጥርስ በዚያው ሰሞን መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ከዚያ በፊት የወለቁትን ክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ የጥርስ ሠሪ ልጅ ጥርስ አትጥልም። የሚነቃነቀውን ዓይኔን ጨፍኜ ነቅዬ፣ ደሙን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ቀፎውን ይዤ ሱቅ ገባሁ። አባዬ ጥርስ እየሞረደ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ለማሙሽ አይሆነውም?»

ቀፎውን ተቀብሎ ከፈተ። አንዷን አንስቶ ልማዱ ስለሆነ ወደ ብርሃኑ አደረጋት። «ለምኑ?» አለኝ።

«ፈገግ እንዲል። ትንንሽ ናቸው እኮ፣ ልኩ ናቸው። አንተ ሰካስካቸው።»

ሞረዱን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀና ጀርባውን ሰጥቶኝ ይጠርግ ጀመር። ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ሥራውን እያሰላ መሰለኝ፤ ስንት ጥርስ ከላይ፣ ስንት ከታች እያለ። ዛሬ ያንን መነጽር ለምን እንደዚያ እንደጠረገው ማንም ባይነግረኝ አውቀዋለሁ። ሲዞር የሱቅ ፈገግታውን አድርጎ ነበር። ቀፎውን በክብር መለሰልኝና «እመቤቴ፣ ልክ ሳይወሰድማ ጥርስ አይሠራም» አለኝ።

በቀልድ ሊያልፈው ነበር ምስኪን። እኔ ግን የሥራ ትእዛዝ ሰጠኝ ብዬ ተቀበልኩት።

ምቹ ሰዓት እስኪገኝ ጠበቅኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ገበያ ወጣች፤ እማዬ ጓሮ የማሙሽን ጨርቅ ታጥባለች፤ አባዬ ጋሼ ጡሩምባን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እንደገና ልኩን እየወሰደ ነው፤ የድሮውን ጥርስ ትተው አዲስ ሊጀምሩ ተስማምተዋል። ከሱቁ ጠረጴዛ የሰም ቁራጭ ለቀም አደረግኩ። በመዳፌ መሃል እያሸሁ አለሰለስኩት፤ እንደ ፈረስ ኮቴ አጎበጥኩት፤ ትንሽ ቀጠን አለ እንጂ ክፉ አልነበረም። ከዚያ የክብሪት ቀፎዬን ይዤ በጣቶቼ ጫፍ እየተራመድኩ እማዬ ክፍል ገባሁ።

ማሙሽ ነቅቷል። ወደ ጣሪያው ዞሮ እግሩን ያወናጭፋል። ቀፎውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አልጋው አጠገብ ተንበረከክኩ። ልክ ያለ ወሬ እንደማይወሰድ ደግሞ አውቃለሁ፤ ዝም ብሎ የሰው አፍ ውስጥ ሰም መክተት ነውር ነው፣ ደንበኛም ያስደነግጣል። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። የአባቴን ድምፅ አወጣሁ።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አልኩት። «እርስዎን ነበር የምንጠብቀው።»

እግሩ ቆመ። መላ ሰውነቱ ጸጥ አለ።

«እንዲህ ራስዎን ጣል ያድርጉ። አይፍሩ፣ አያምም። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ…»

ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ ጆሮው ግን እኔው ላይ ነው። መጀመሪያ የከንፈሩ ጥግ ተንቀጠቀጠ፤ ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ጉንጩ ወደ ላይ ወጣ፣ አገጩ ሰፋ፣ አፉ ተከፈተና መላ ፊቱ በራ። ድድ ብቻ! አንድ ጥርስ የሌለበት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ የደረሰ ፈገግታ። እኔ ግን ያኔ የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ልክ በሚወሰድበት ሰዓት ደንበኛ ከሳቀ ሰሙ ይጣመማል።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አይሳቁ!» አልኩት። «ሥራ ያበላሻሉ!»

ባሰበት። ፈገግታው ላይ ድምፅ ጨመረበት፤ ሳቅም ያልሆነ፣ እንደ እርግብ ያለ ነገር።

ከኋላዬ ውኃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ። ዞር ስል እማዬ በር ላይ ቆማለች። የታጠበ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች ውኃው እግሯ ላይ ይፈሳል። ሰሙን ወደ ጀርባዬ ደበቅኩት።

«ምንም አላደረግኩትም!»

«ድገሚው» አለችኝ።

«አልነካሁትም እኮ፣ አባዬ ይሙት…»

«ያልሽውን ድገሚው። ተናገሪ!»

ስንት ጊዜ እሽሽ ስባል ከርሜ በመጨረሻ ተናገሪ ተባልኩ። የተከፈትኩበት ቀን ድምፄ ጠፋ። ሬዲዮ ተብዬ! አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ማሙሽ ድምፅ ሲያጣ ፊቱ ቀስ በቀስ ተዘጋ፤ ጭንቅላቱን ወደ ጣሪያው መለሰ። እማዬ ጨርቁን መሬት ጣለችው። መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋች፤ እንደ ሌላው ቀን ጥርሷን የምታሳየው መስሎኝ ነበር። አልተሳሳትኩም፣ ፈገግ አለች። ግን አልቻለችም፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና እንባዋ ፈሰሰ። ከዚያ በተሰበረ ድምፅ፣ ልቅሶውም ወሬውም አንድ ላይ ሆኖ፣

«እንኳን… እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለችው። «እርስዎን ነበር የምንጠብቀው።»

ማሙሽ ወደ እሷ ዞረ። እኔን ሲሰማኝ ያሳየኝ ነገር ከዚህ ጋር ሲወዳደር ምንም አልነበረም። እጁን እግሩን ጭንቅላቱን ሁሉ ይዞ ፈገግ አለላት።

«ና!» ብላ ጮኸች እማዬ። «ቶሎ ና! ኧረ ድረስ!»

እኔን ልታስገርፈኝ መስሎኝ አልጋው ሥር ልገባ ነበር። አባዬ እጁ ጀሶ እንደነካው እየሮጠ ገባ። ከኋላው ጋሼ ጡሩምባ መጣ፤ የደረቱ ፎጣ እንደታሰረ፣ ሰሙ አፉ ውስጥ እንደሆነ፣ መናገር ስለማይችል በእጁ «ምን ሆናችሁ?» እያለ። እማዬ በጣቷ ወደ ማሙሽ አሳየች። አባዬ ቀረበ፣ ከንፈሩን ላሰና «ጌታዬ…» አለ። ብቻውን በቂ ነበር። ማሙሽ ያንን ድምፅ ከእናቱ ሆድ ጀምሮ በኮምፔንሳቶው ሲሰማው ኖሯል፤ የድሮ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ፈነደቀ።

አባዬ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። እማዬም ታለቅሳለች። ጋሼ ጡሩምባ ሰሙን እንደነከሰ በፎጣው ዓይኑን ይጠርጋል። እኔ የማያቸው ሰዎች ሁሉ ካለቀሱ ነገሩ ያው ነው፤ ፈገግታው አልጣማቸውም፣ ጥርስ ስለሌለው አይቆጠርም፣ ማሙሽ ይመለሳል። አልጋውን በሁለት እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ።

«አትመልሱት!» አልኩ እየጮኽኩ። «ፈገግ ብሏል እኮ! ጥርሱን እኔ እሰጠዋለሁ፣ ያሉኝን ሁሉ እሰጠዋለሁ፣ አትመልሱት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ወዴት ነው የምንመልሰው?» አለች እማዬ።

«ወደ ሆስፒታል ነዋ።»

«ለምን?»

«ፈገግ ካላለ አይደል እንዴ የሚመለሰው!»

እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ ሰሙን በእጄ አየ፤ ክብሪት ቀፎውን ወለሉ ላይ አየ። መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት። እንባዋ ሳይደርቅ ከሆዷ የመጣ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ የሚመስል ሳቅ ሳቀች፤ አባዬን ጎትታ አቀፈችው፤ እኔንም ወደ ደረቷ አስገብታ አናቴን እየሳመች ሳቀች። ጋሼ ጡሩምባም አላስቻለውም፤ ሳቁ ሲመጣ ሰሙ ከአፉ ወጥቶ መዳፉ ላይ አረፈ። «በቃ፣ የእኔም ልክ ተበላሸ!» አለ። አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ሁላችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስናወራ አገኘችን። እሽሽ ልትል ጣቷን ወደ አፏ ወስዳ እዚያው ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ተናገረች። ሽንኩርት ስትከትፍ «ይኸውልህ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው» ትለዋለች፤ ልብስ ስታሰጣ የማን ልብስ እንደሆነ ትነግረዋለች፤ ጎረቤት በጓሮ በኩል መጥታ ያማችውን ሁሉ ትነግረዋለች። እስከ ዛሬም አላቋረጠችም። ዛሬ ሱቁ የእኔ ነው፤ ልክ የምወስደውም እኔ ነኝ፤ አንዳንድ ደንበኛ «ስንት ነገር ታወሪያለሽ እባክሽ» ሲለኝ ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ወገን እንደወረስኩት እነግረዋለሁ።

ትንሽ ነፍስ ሳውቅ፣ ማሙሽ ዓይነ ስውር መሆኑን ከነገሩኝ በኋላ፣ ከጭንቅላቴ ያልወጣልኝን ነገር አባዬን ጠየቅኩት። ሰው ፈገግ ሲል አይቶ የማያውቅ ልጅ ፈገግ ማለትን ከማን ተማረው? አባዬ ከሥራው ቀና አለ። «እኔንጃ ልጄ» አለኝ። «ይዞት መጣ እንጂ ማንም አላስተማረውም። እኔ የማድሰው በሩን ነው፤ ባለቤቱ ድሮም ቤት ውስጥ ነው ያለው።» ፈገግታ ሠሪነቱን በራሱ አፍ ካደብኝ። ለጥቂት ቀናት ቅር ብሎኝ ነበር።

ማሙሽ አሁን የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ሚስትም ልጆችም አሉት፤ ማሙሽ መባሉ ግን አልቀረለትም። ባለፈው እሑድ እማዬ ቤት ምሳ በልተን ተቀምጠን፣ እኔ ይህንኑ ታሪክ ለልጆቹ እንደ አዲስ ሳወራ፣ እሱ ወንበሩን ወደ እማዬ ዞር አደረገ።

«ቆይ ግን» አላት። «እኔ እንዲህ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ዘጋሽኝ?»

«መቼ ዘጋሁህ?» አለች እማዬ። «ፈገግ እያልኩልህ ነበር።»

«ለማያይ ልጅ?» ሳቀባት።

«ለማያይ ልጅ።» ቀጥላ የተናገረችውን እኔም ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። «ቃል ከአፌ ላወጣ ስል ልቅሶ ነበር የሚቀድመኝ። ልጄ ከእናቱ መጀመሪያ የሚሰማው ልቅሶ እንዲሆን አልፈለግኩም። ሌላ የምሰጥህ አጣሁ። ስለዚህ ድምፄን ውጬ ፈገግ አልኩልህ። እንደማታየው እያወቅኩ፣ ጉንጬ እስኪያመኝ ድረስ።»

በዚያ በር ሥር ቆሜ የተናደድኩባት እናቴን አሰብኳት። ጥርሷን ስታሳይ ነበር ያየኋት፤ ያን ጥርስ ለመግለጥ ምን እንደዋጠች አላየሁም።

ማሙሽ ወንበሩን ስቦ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ተጠጋ። «እስቲ አሳዪኝ» አላት።

«ምኑን?»

«ያኔ ያሳየሽኝን።»

«ሂድ ወዲያ፣ በዚህ እርጅናዬ!»

እጆቹን ዘርግቶ ጠበቃት። እማዬ ሁለቱንም ያዘችና ጉንጮቿ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ፈገግ አለችለት፤ እንደ ያኔው፣ ያለ ድምፅ። ጣቶቹ ሳይቸኩሉ ከጉንጯ ወደ ከንፈሯ ጥግ ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ዓይኖቿ ዳር፣ ወደ እያንዳንዱ መስመር።

«አየሁት፣ እማዬ» አለና መልሶ ፈገግ አለላት።